ዲላ ስትሰፋ የቡናውና የእንሰቱ ማሳ ዕጣ ምን ይሁን?

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማና የታወቀ የቡና ገበያ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 59,150 ነዋሪዎች ነበሯት። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዋ አድጓል፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም ከክልሉ የማዕከል ከተሞች አንዷ ሆናለች። ሠራተኛው፣ ተማሪውና ነጋዴው መኖሪያ ቤት ይፈልጋሉ። ከተማዪቱ ወደ ዳር ስትገፋ የምታገኘው ግን በአብዛኛው ጠፍ መሬት ሳይሆን የገበሬ ጓሮ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ጓሮ እንደ ማንኛውም ማሳ አይደለም። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ያጠላሉ፤ በመካከሉ እንሰትና ቡና ይበቅላሉ፤ ከሥር አትክልትና ሥራ ሥር ይተከላል። ይህ የአስተራረስ ዘዴ የፈጠረው መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከላይ በተጠቀሰው ቆጠራ መሠረት 1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ዞን 847,434 ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ይኸውም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ያህል ማለት ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል፤ ቡናም ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ያስጠብቃል። የጥላው ዛፍ ደግሞ አባት ተክሎት ልጅ የሚጠለልበት ነው። ስለዚህ ከዚህ መሬት የተነሣ ገበሬ ያጣው የአንድ ዓመት ሰብል ሳይሆን የብዙ ዓመት ድካሙን ነው።

እስካሁን በአገሪቱ የተለመደው አሠራር መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ማስለቀቅና ካሳ መክፈል ነው። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ ዐሥር እጥፍ እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተተኪ መሬት ለማያገኝ ገበሬ ከሦስቱ ዓመታት የላቀውን ገቢ መነሻ አድርጎ ስሌቱን ወደ ዐሥራ አምስት እጥፍ አሳድጎታል። የተሻለ ቢሆንም ገንዘብ ያልቃል፤ ገበሬው ከአዲሱ ሰፈር ዕድገት የሚደርሰው ድርሻ ግን የለም።

ሌላው መንገድ መሬትን አሰባስቦ ማልማት ነው። ጎረቤታሞች ይዞታቸውን በአንድ ፕላን ሥር ያዋሕዳሉ፤ ለመንገድ፣ ለውሃ መስመርና ለትምህርት ቤት የሚበቃው ይቀነሳል፤ ጥቂቱ ለሥራው ወጪ ይሸጣል፤ የቀረው ለባለይዞታዎቹ ይመለሳል። ለምሳሌ ያህል 2,000 ካሬ ሜትር ያዋጣ ገበሬ 40 በመቶው ቢቀነስበት፣ መንገድና ውሃ የገባለት 1,200 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ሸክሙም ጥቅሙም ይከፋፈላል።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣ ሕግ በዚህ ዘዴ እየተጠቀመች ከከተማ ቦታዋ ሲሶ የሚያህለውን አልምታለች። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2015 ገበሬዎች ለአማራቫቲ ከተማ ግንባታ ከ12 ሺሕ ሄክታር በላይ መሬት አዋጥተው ነበር። በ2019 መንግሥት ሲለወጥ ሥራው ቆመ፤ ገበሬዎቹም ማሳቸውን ለቀው ዓመታት ጠበቁ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ የሚመለሰው ድርሻ በቃል ብቻ የሚሰጥ ተስፋ መሆን እንደሌለበት ነው።

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ይሁንና አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እንዲለማ በተወሰነ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግልም ሆነ በቡድን ቅድሚያ የማልማት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ለአሰባስቦ ማልማት የመጀመሪያው በር ይህ ነው። በበሩ ለመግባት ግን የሚመለሰው ቦታ በምን ዓይነት መብት እንደሚያዝ፣ ተቀናሹ ከስንት በመቶ እንደማይበልጥና ሥራው ቢቋረጥ ገበሬው ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

በጌዴኦ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይዞታው ጠባብ ስለሆነ ግማሽ ሄክታር እንኳ ለሌለው ቤተሰብ 40 በመቶ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቤቶች በጎን ከመዘርጋት ይልቅ ፎቅ ቢሆኑ፣ የዕድሜ ባለጸጋ ዛፎችና የእንሰት ጓሮዎችም በፕላኑ ላይ የአረንጓዴ ቦታ ሆነው ቢቀመጡ ብዙ ማሳ ይተርፋል። ሚስቶችና ወጣት ልጆችም የድርሻው ባለመብት ሆነው በስማቸው ሊመዘገቡ ይገባል።

ዲላ ቤት መሥራቷ አይቀርም። ከተማዪቱን እስካሁን የመገበው ገበሬ ግን ከአዲሱ ሰፈር ተገፍቶ የሚወጣ ሳይሆን ከነድርሻው የሚኖርበት መሆን አለበት።