ሽጉጡ የእሱ፣ ጥይቱ የእሷ!

በጎጃም ደጋ አንድን አባወራ «መሣሪያ አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ሱሪ ታጥቀሃል ወይ?» እንደማለት ነው። ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ ቤልጅጉ፣ ኋላም ክላሹ... ሁሉም በየተራው የጎጃሜን ትከሻ ያውቀዋል። ነገሩ ደግሞ ባዶ ጉራ አይደለም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን በላይ ዘለቀን የመሰሉ አርበኞች እስከ 1933 ዱር ቤቴ ብለው የታገሉት ከቤታቸው ባወጡትና ከጠላት በማረኩት መሣሪያ ነው። በ1960 ገበሬው «የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም» ብሎ ሲያምፅም ከግድግዳው ላይ ያወረደው ያንኑ ጠመንጃ ነበር።

የዛሬው ወጋችን ግን ስለ ጠመንጃ አይደለም። ስለ አጭሯ፣ ስለ ስድስት ጎራሿ ሽጉጥ ነው። እናላችሁ፣ ደብረ ማርቆስ የሚኖር አንድ አጎት አለኝ። ጠመንጃ አላጣም። ልቡ የተሰቀለው ግን ልጅ ሳለ በአንድ የአሜሪካ መርማሪ ፖሊስ ፊልም ላይ ባያት ሽጉጥ ላይ ነው። ጥይቶቿ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጡ፣ አፈሙዟ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይረዝም፣ ኮት ስር ተወሽቃ የማትታይ! የኮልት ፋብሪካ የዚህን ዓይነቷን እ.ኤ.አ. በ1927 ነው ለገበያ ያወጣት። ያኔም የታሰበችው ሲቪል ለብሰው ለሚሠሩ መርማሪዎች ነበር፤ ስሟም ከነሱ የተወሰደ ነው።

አጎቴ ይቺን ሽጉጥ ያልጠየቀበት ቦታ የለም። ደጀን ወርዶ ጠየቀ፣ ሉማሜ ጠየቀ፣ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሰው ላከ። ሁሉም የሚያቀርቡለት ማካሮቭ ነው። «እሷማ በካዝና ነው የምትጎርሰው፣ እኔ የምፈልገው የሚሽከረከረውን ነው!» እያለ ይመልሳል። ሚስቱ ታዲያ ለጎረቤት «የኔ ሰውዬ ሁለተኛ ሚስት እያፈላለገ ነው፤ አጭር፣ ጠይም፣ ስድስት ልጅ ያላት» እያለች ትቀልድ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ተገኘች! የአንድ ጡረተኛ ንብረት ነበረች፤ ከነወረቀቷ። የእጀታዋ እንጨት ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፣ ጥቁር ቀለሟ ከአፈሙዟ ላይ ተልጧል። አጎቴ የጨረታ ያህል ሳይከራከር አንድ በሬ የሚያወጣ ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠ። በሬው ደግሞ በነገር ምሳሌ አይደለም፣ እውነተኛ በሬ ተሽጧል። ሚስቱ የሰማችው በሬው ከበረት ከወጣ በኋላ ነው።

እኔ ለጥየቃ ሄጄ ነበርና ሙከራው ላይ ተገኘሁ። ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ፣ ሰውም ከብትም የማይደርስበት ገደል ስር ሄድን። የዘይት ጀሪካን በሃያ እርምጃ ላይ ቆመ። አጎቴ ተጠንቅቆ አነጣጠረ። ድው! ገደሉ ሁሉ አስተጋባ፤ ጀሪካኑ ግን እንደ ዳኛ ፀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለተኛው... ሦስተኛው... ስድስተኛው! ጀሪካኑ አንድ ጭረት አልነካውም። «በል እስቲ አንተ ሞክር» አለኝ። ምላጩ ድንጋይ ነው፣ እሱን ስስብ አፈሙዟ ወደ ጎን ሄደች፣ መዳፌን ደግሞ በበትር እንደተመታሁ አነደደችው። እኔም ሳትኩ። አጎቴ ሽጉጧን ገልበጥ አድርጎ እያየ «ጠመንጃ ሲሆን እኮ ቆቅ አልስትም» አለ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አጭር አፈሙዝ ላይ የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ ስለሚቀራረቡ እጅ በጥቂቱ ከዘነበለ ጥይቱ ርቆ ይስታል። መሣሪያው ቀላል ስለሆነ ወደ ኋላ ሲመታ አጥብቆ ነው። ጥይቱም ሙሉ ፍጥነቱን ሳይዝ ይወጣል። ባጭሩ፣ ይቺ ሽጉጥ የተሠራችው ክፍል ውስጥ፣ ፊት ለፊት፣ ሰው ላይ እንድትተኮስ ነው። ለእርሻ ጥበቃ አትሆን፣ ለአውሬ አትሆን!

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሳቅ ነበር። አላበቃም። አንድ ወር ሳይሞላ የአጎቴ የበኩር ልጅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ፣ ሠርግ ቤት ከአንዱ ጋር ተጣላ። ቤቱ ሮጦ መጥቶ የአባቱን ፍራሽ ሲገለብጥ እናቱ ደረሰች። ጠመንጃ ቢሆን አጠላልፎ ያዘገየው ነበር፤ ሰውም ያየው ነበር። ይቺ ግን ኪስ ትገባለች! እናቱ እንዴት እንዳስጣለችው እስከ ዛሬ አትናገርም። ብቻ ክንዷ ላይ የጥርስ ምልክት ነበር።

በዚያው ማታ ባሏን ቁጭ አድርጋ እንዲህ አለችው፦ «በሬዬን ሸጠህ ገዝተሃታል፤ ጣላት አልልህም። ግን ከዛሬ ጀምሮ እሷ ባንተ ሳጥን ትቆለፍ፣ ጥይቷ በኔ። ያለ እኔና ያለ አንተ አንድ ላይ አይገናኙም።» አጎቴ ተኩራራ፣ አኮረፈ፣ ሁለት ቀን እራት አልበላም። በሦስተኛው ቀን ስድስቱን ጥይት ቆጥሮ አስረከበ። ልጁ ዛሬ ሠራተኛ ነው፤ እስር ቤትም መቃብርም አልገባም።

ወጣቶች፣ እናንተ ሽጉጥ የምትመኙ! ሦስት ነገር ልምከራችሁ። አንደኛ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ «ያባቴ ነው» ማለት አያድንም። ሁለተኛ፣ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያለውን የምታውቁት ነው፤ መሣሪያ አለው የተባለ ቤት የሚንኳኳው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ሦስተኛ፣ ቤታችሁ ፈቃድ ያለው መሣሪያ ካለ መሣሪያውና ጥይቱ አንድ ቦታ አይደሩ፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ አይሁን። ንዴት ዕድሜው አጭር ነው፤ ሁለት ቁልፍ እስኪፈለግ ድረስ ይበርዳል።

አፄ ቴዎድሮስ እንኳ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያለፉት ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ነበር። አጭር መሣሪያ ከጠላት ይልቅ ለባለቤቱ ቅርብ ነው።

ቸር እንሰንብት!