በጅግጅጋ ያለ ምእመን ምን ያንብብ?

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከሶማሌ ክልል ነዋሪዎች 98.4 በመቶው ሙስሊሞች ስለነበሩ፣ በጅግጅጋም ሆነ በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ቁጥራቸው አነስተኛ ነው፤ ስለዚህም ለእነርሱ የሚሰጠው የንባብ ምክር ቤተ ክርስቲያን በየሰፈሩ ባለበት አገር ለሚኖረው ምእመን ከሚሰጠው በቅደም ተከተሉ ሊለይ ይገባዋል።

ወንጌል መቅደሙ አያከራክርም፤ ለጀማሪም 16 ምዕራፍ ያለው የማርቆስ ወንጌል ይመረጣል። ቀጥሎ ግን ወደ ጴጥሮስ የመጀመሪያ መልእክት መሻገር ይበጃል፤ ይህ ባለ 5 ምዕራፍ መልእክት የተጻፈው በጳንጦስ፣ በገላትያ፣ በቀጰዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ ተበትነው በእንግድነት ለሚኖሩ ምእመናን በመሆኑ፣ ስለ ተስፋቸው ለሚጠይቃቸው በየዋህነት እንዲመልሱና ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ ያስተምራል። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ በተነሣው ሁከት አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉና ካህናት ሲገደሉ ላየ ሰው ይህ ትምህርት እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ ለብቻ ሳይሆን በጉባኤ፣ ሐዘኑም ሳይሸፋፈን ሊነበብ ይገባል።

ኦርቶዶክሳዊው አንባቢ ከዚህ በኋላ የአራቱን ወንጌላት አንድምታ ቢይዝ መልካም ነው። አንድምታ የግዕዙን ንባብ ወደ አማርኛ እየመለሰ የአንዱን ቃል ልዩ ልዩ ምሥጢር የሚያብራራ፣ በጉባኤ ቤት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ የኖረ ትርጓሜ ሲሆን፣ ታትሞ መገኘቱ መምህር በቅርቡ ለሌለው ምእመን ትልቅ በረከት ነው።

ይሁን እንጂ ለዚህ አገር ምእመን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሃይማኖተ አበው ነው። ይህ መጽሐፍ የቀደሙ አባቶች ስለ ሥላሴና ስለ ሥጋዌ፣ ማለትም ስለ እግዚአብሔር ቃል ሰው መሆን፣ የጻፉትን የሰበሰበ ሲሆን፣ ወደ ግዕዝ የተመለሰውም ከዐረብኛ ነው፤ የተሰባሰበው በግብፅ፣ ክርስቲያኖች እንደ ጅግጅጋዎቹ ሁሉ ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር በሚኖሩባት አገር ስለሆነ፣ በጉርብትና መካከል ለሚነሡት ጥያቄዎች ከገድላትና ከተአምራት መጻሕፍት ይልቅ የቀረበ መልስ ይሰጣል።

መጽሐፍ ቅዱስ የሚገዛ ሰው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚጠቀሙበት እትም 66፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶው ደግሞ 81 መጻሕፍት እንደሚይዝ ሊያውቅ ይገባል፤ ከአማርኛ ይልቅ ሶማሊኛ ለሚቀለው ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1979 በሶማሊኛ ታትሟል። የሐረርና የአዲስ አበባ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ለጅግጅጋና ለቶጎ ውጫሌ አጥቢያዎች ስጦታ ሲያስቡ፣ ከሌላው ሁሉ አስቀድመው ሃይማኖተ አበውንና አንድምታውን ይላኩ።