«አይዞሽ» ካልን በኋላ

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ አንድ አግዳሚ የእንጨት ወንበር አለ። በአንደኛው ጫፍ በዕድሜ የገፉ እናት ይቀመጣሉ፤ በሌላኛው ጫፍ እንቅልፍ የራቀው፣ እህል አልወርድ ያለው፣ መኖር የታከተው ሰው። እናቲቱ ነጭ ጋዋን አልለበሱም፤ የሕክምና ዲግሪም የላቸውም። ሥራቸው መጠየቅና ማዳመጥ ነው። ከእሳቸው ጋር ከተቀመጡት ብዙዎቹ ግን እየዳኑ መሄዳቸው በሳይንስ ሚዛን ተለክቶ ታይቷል።

ወንበሩን የወለደው ሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሲከታተሏት የነበረች ወጣት ራሷን አጠፋች። ወደ ሆስፒታል ተመልሳ መምጣት ነበረባት፤ ቤተሰቧ 15 ዶላር የአውቶቡስ መሳፈሪያ አጥቶ ቀረች። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቺባንዳም ሕክምናው ወደ ሰዎች ሰፈር መሄድ እንዳለበት አመኑ። በ2006 ምባሬ በተባለ የድሆች ሰፈር፣ ከ14 አያቶች ጋር ሥራው ተጀመረ።

አያቶቹ ሐኪሙንም አስተምረዋል። በመጀመሪያ የታሰበው ስም «የአእምሮ ጤና ወንበር» ነበር። በዚህ ስም ማን ደፍሮ ይቀመጣል? «የወዳጅነት ወንበር» ይባል አሉ፤ ተባለም። «ድባቴ» የሚለውን የሐኪም ቃል ትተውም ሰዉ በሾና ቋንቋ ሕመሙን በሚጠራበት ስም ተጠቀሙ፤ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፣ አብዝቶ ማሰብ ማለት ነው። እኛስ «ሐሳብ በዛብኝ»፣ «ሐሳብ ሊገድለኝ ነው» አይደል የምንለው?

ይህ አባባል የሕመሙን ባሕርይ በትክክል ይገልጻል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ኖለን-ሆክሰማ ለዓመታት ባደረጉት ጥናት፣ መከራቸውን በልባቸው ደጋግመው የሚያመላልሱ ሰዎች በድባቴ የመያዝና በውስጡ የመቆየት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ሐሳቡ «ለምን እኔን?» ከሚለው ጥያቄ ተነሥቶ ወደዚያው ይመለሳል፤ «ምን ላድርግ?» ወደሚለው አይደርስም። ጭቃ ውስጥ እንደገባ ጎማ፣ በዞረ ቁጥር የበለጠ ይሰምጣል። በዚህ ላይ ሰውየው ደስ ይለው የነበረውን ሁሉ ይተዋል፤ ከጓደኛ ይርቃል፣ ሥራ ይሰለቸዋል፣ በሩን ይዘጋል። ደስታ የሚመጣባቸው መንገዶች ሲደርቁ ድባቴው ይብሳል፤ ድባቴው ሲብስ ደግሞ ከቤት መውጣት ይበልጥ ይከብዳል።

አያቶቹ የሚሰብሩት ይህን አዙሪት ነው። የመጀመሪያውን እርምጃ «አእምሮን መክፈት» ይሉታል። ሰውየው የከበደውን ሁሉ ያለ ማቋረጥ ይናገራል። ከዚያ ከችግሮቹ አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ይጠየቃል። ባሏ የሞተባት፣ የቤት ኪራይ ያጠራት፣ ልጇ የታመመባት ሴት ብትመጣ፣ ሦስቱም በአንድ ላይ ተራራ ናቸው፤ ኪራዩ ብቻውን ግን ሊያዝ የሚችል ነገር ነው። «እስቲ ልጄ፣ አንቺ ምን ይሻላል ትያለሽ?» ዓይነት ጥያቄ ይከተላል። መፍትሔው ከእሷ አፍ መውጣት አለበት። በሳምንቱ ውስጥ የምትሞክረው ትንሽ ነገር ይወሰናል፤ ተመልሳ ስትመጣ ምን እንደሆነ ይጠየቃል። ካልተሳካም አትወቀስም፤ ሌላ መንገድ ይፈለጋል።

የዚህ ዘዴ ጉልበት ከትንሽነቱ ይመነጫል። አንድ ችግር ተለይቶ ሲወጣ የተበተነው ሐሳብ መያዣ ያገኛል። ትንሿ ነገር ስትሳካ፣ ሕመሙ የነጠቀው «እችላለሁ» የሚል ስሜት ጭላንጭሉ ይመለሳል። «ምን ደረስሽ?» ብሎ የሚጠብቅ ሰው መኖሩም ከአልጋ ለመነሣት ምክንያት ይሆናል።

የሰው አጠገብ መሆን በራሱ አንጎል ላይ የሚታይ ሥራ አለው። በ2006 ጄምስ ኮን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው 16 ባለትዳር ሴቶችን በአንጎል መቃኛ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል ነገሯቸው። ሴቶቹ የባላቸውን እጅ ሲይዙ ለአደጋ የሚነቁት የአንጎል ክፍሎች ረገብ አሉ፤ የማያውቁትን ሰው እጅ ሲይዙም፣ ባነሰ መጠን ቢሆንም፣ ለውጥ ታየ። ብቻውን የሆነ ሰው ፍርሃቱን የሚሸከመው ብቻውን ነው፤ አጠገቡ ሰው ሲኖር የአንጎሉም ሸክም ይቀላል።

የአያቶቹ ሥራ በ2016 በታወቀ የሕክምና መጽሔት በታተመ ጥናት ተፈተነ። ከ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ተሳተፉ። ከ6 ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የታየባቸው፣ የተሻሻለውን መደበኛ ሕክምና ካገኙት መካከል ከ100ው 50 ያህሉ ሲሆኑ፣ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ግን 14 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

በእኛም አገር፣ በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ፣ ከዚህ በጠናው ሕመም በስኪዞፍሬኒያ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ ሠራተኞች የታማሚዎችን ቤት እያንኳኩ ከታማሚውም ከቤተሰቡም ጋር ተቀመጡ፤ መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ ታማሚው ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለስ አገዙ። በ2022 የታተመው ውጤት 166 ታማሚዎችን ያካተተ ነበር፤ በ12 ወር ውስጥ ድጋፉን ያገኙት፣ መደበኛ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ራሳቸውን ችለው የመኖር አቅማቸው ተሻሽሎ ተገኘ።

ይህ ሐኪምን አያስቀርም፤ በሶዶም ድጋፉ የተሰጠው ከመድኃኒት ጋር ነው። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው፣ ጸበል ቢጠመቅም፣ ሐኪሙን ሳያማክር ማቋረጥ የለበትም። ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመን ቃሉን እንደ ዋዛ አንለፈው፤ ብቻውን ሳንተወው በዚያው ዕለት ሕክምና ወዳለበት እንውሰደው።

ከዚህ የቀረው ሥራ ግን የእኛ ነው፤ ደግሞም አዲስ አይሆንብንም። ጎረቤት ሲሞትበት ድንኳን እንተክላለን፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ቀን ከሌት አብረን እንቀመጣለን። ሐዘንተኛውን «ለምን ታለቅሳለህ?» የሚለው የለም። ድባቴ የያዘው ሰው ቤት ግን ድንኳን አይተከልም፤ በሩ ተዘግቶ ይከርማል፤ መንገድ ላይ ስናገኘውም «አይዞህ፣ በርታ» ብለነው እናልፋለን። «አይዞህ» መልካም ቃል ናት፣ ግን መነሻ ናት። ከእሷ ቀጥሎ «ከሁሉም የከበደህ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱን ሳያቋርጡ መስማት፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሶ በሩን ማንኳኳት አለ። ለቅሶ መቀመጥ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን አያቅተውም።