እውነት ወይስ ተረት? ደመወዙ ከባሕር ማዶ፣ ግብሩ ከሓድነት

መቀሌ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ ቡና ተፈልቶ የውጭ ድርጅቶች ወሬ ከተነሣ፣ አንዱ «እነሱማ ግብር አይነካቸውም» ማለቱ አይቀርም። ሌላው ይከተላል፦ «ሠራተኛቸውም አይከፍልም።» የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው ተረት ነው።

ከተረቱ ልጀምር። የመቀሌ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ተመረቀ። በፓርኩ ለሚገቡ ባለሀብቶች የሚሰጠው የግብር እፎይታ የድርጅቱን ትርፍ የሚመለከት ነው፤ የኢትዮጵያዊው ሠራተኛ ደመወዝ ውስጡ የለም። ቀጣሪው ከደመወዙ ግብሩን ቆርጦ ገቢ ያደርጋል፤ ለጡረታም ከሠራተኛው 7፣ ከራሱ 11 በመቶ ያዋጣል። በዚያን ጊዜ ከግብር ነጻ የነበረው የመጀመሪያው 600 ብር ብቻ ነው። እናም 750 ብር የሚከፈላት የጋርመንት ሠራተኛ በወር 15 ብር ለመንግሥት ትገብር ነበር፣ ቀጣሪዋ ግን እፎይታው እስኪያልቅ ከትርፉ ሳንቲም አይከፍልም ነበር። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ነጻውን መጠን ወደ 2,000 ብር ከፍ ካደረገ በኋላ ግን 5,000 ብር የሚከፈለው ሰው ግብር ከ697.50 ወደ 500 ብር ወርዷል።

«እፎይታ ካገኙ ማንም አይጠይቃቸውም» የሚለውስ? እስከ ቅርብ ጊዜ እውነት ነበር። መስከረም 28 ቀን 2014 ከ130 በላይ አገሮች ዓመታዊ ሽያጫቸው 750 ሚሊዮን ዩሮ የሚደርስ የኩባንያ ቡድኖች በሚሠሩበት አገር ሁሉ ቢያንስ 15 በመቶ ግብር እንዲከፍሉ ተስማሙ። ጣሊያን ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አውላዋለች። መቀሌ ፋብሪካ የከፈተው የጣሊያኑ ካልዜዶንያ ሽያጩ ከዚያ ልክ በእጅጉ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ቡድን እዚህ ትርፍ አግኝቶ ከ15 በመቶ በታች ከከፈለ፣ ኢትዮጵያ የማረችውን ልዩነት ሮም ልትሰበስበው ትችላለች። ሆኖም ሕጉ ከደመወዝ ወጪና ከማሽን ዋጋ የተወሰነውን መቶኛ ከስሌቱ ያወጣል። ብዙ ሰው የሚያሠራ የልብስ ፋብሪካ ስለዚህ ያን ያህል አይጎዳም፤ የሚጎዳው ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ቢሮ ነው። መቶኛው ራሱ ግን እስከ 2033 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ስለ ፋብሪካዎቹ ከተነሣ፣ «የመቀሌን ፋብሪካዎች ያቆማቸው ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ ከሚያስገባው ዕድል) መውጣት ነው» የሚለውን ቀኑ ይመልሰዋል። የትግራይ ጦርነት የጀመረው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ነው፤ ካልዜዶንያ በቀጣዩ ኅዳር ሥራ አቆመ። ኢትዮጵያ ከአጎዋ የወጣችው ታኅሣሥ 23 ቀን 2014፣ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አሁን ወጣቶቹ የሚወዱት ተረት፦ «ደመወዜ ከበርሊን ይመጣል፣ እዚህ ማን ይጠይቀኛል?» የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የሚያየው ሥራው የተሠራበትን ቦታ ነው። ሓድነት ከቤትህ ሆነህ በላፕቶፕ ከሠራህ፣ ገንዘቡ ከየትም ይከፈል፣ ገቢው ከኢትዮጵያ የመነጨ ነው። በወር 40,000 ብር ከሆነ ግብሩ 11,950 ብር ይደርሳል። በርሊን ያለው ቀጣሪህ ስላልቆረጠው ዕዳው አይቀርም።

ለድርጅቱም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በዚሁ አዋጅ አንድ የውጭ ድርጅት በሠራተኞቹ በኩል ለአንድ ወይም ለተያያዘ ፕሮጀክት በዓመት ውስጥ ከ91 ቀናት በላይ እዚህ አገልግሎት ከሰጠ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት ተብሎ ሊቆጠር ይችላል፤ ያኔ የትርፍ ግብርም ይመጣበታል። የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት የሆነው ኦኢሲዲ ኅዳር 2018 ባወጣው ማብራሪያ ደግሞ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓቱ ከግማሽ በታች በቤቱ የሚሠራ ከሆነ፣ ቤቱ በአብዛኛው የድርጅቱ ቢሮ አይባልም። ማብራሪያው አዋጃችንን አይለውጥም፤ የአውሮፓ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ግን ያነበዋል። የውጭ ቀጣሪ ውል ከማስፈረሙ በፊት «የት አገር፣ የት ከተማ፣ በሳምንት ስንት ቀን ከቤት?» ብሎ የሚያደርቅህ ለዚህ ነው።