የክትባት ማቀዝቀዣ ኃላፊ ያስፈልገዋል

በ2015 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል በኋላ በዋለው ሰኞ ይህ ጸሐፊ በአንድ የቆላ ቀበሌ ጤና ኬላ ተገኝቶ ነበር። ዕለቱ የክትባት ቀን በመሆኑ ከሩቅ መንደሮች የመጡ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን አዝለው ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ጎህ ሳይቀድ ከቤታቸው የተነሡ ናቸው። ይሁን እንጂ የጤና ሠራተኛዋ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ቴርሞሜትሩን ካየች በኋላ እናቶቹን ይቅርታ ጠይቃ መለሰቻቸው።

ማቀዝቀዣው በኤሌክትሪክም በቡታ ጋዝም የሚሠራ ነው። በበዓሉ ዋዜማ፣ ረቡዕ ማታ፣ መብራት ጠፋ። ዘበኛው ጋዙን ሌላ ሰው የለኮሰው መሰለው፤ ሌላው ሰው ደግሞ ዘበኛው ለኩሶታል ብሎ አሰበ። ሊለኩሱት ቢሞክሩም ኖሮ ሲሊንደሩ ባዶ ነበር። እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ማቀዝቀዣው እንደ ማንኛውም ሳጥን ሞቆ ቆየ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጉዳዩ አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፣ ጠርሙሱ አልተሰበረ፣ መድኃኒቱ አልፈሰሰ፤ ስንት መንገድ የመጡትን እናቶች ለምን ትመልሻቸዋለሽ?» አሏት።

«አባባ፣ የተበላሸ ክትባት መልኩ አይለወጥም» ስትል መለሰች። «ዛሬ ብወጋቸው ካርዱ ላይ ተከተቡ ብዬ እጽፋለሁ፤ እናትየዋም ልጄ ተከተበ ብላ ታርፋለች። ኩፍኝ ሲገባ ግን ልጁ ምንም መከላከያ የለውም።» ይህን ብላ በፖሊዮ ጠብታው ጠርሙስ ላይ ያለውን ምልክት አሳየቻቸው። በክቡ መካከል ያለው ትንሽ አራት ማዕዘን ከዙሪያው ቀለም የነጣ ሆኖ መታየት ሲገባው ጠቁሮ ከክቡ ጋር ተመሳስሏል። እንዲህ የሆነ ጠርሙስ አይሰጥም።

በአገራችን የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። በጤና ኬላ ማቀዝቀዣ የሚቀመጡት ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለባቸው። የፖሊዮ ጠብታና የኩፍኝ ክትባት በሙቀት ይበላሻሉ። ዘጊ አናዳን፣ ትክትክንና መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለው ክትባት ደግሞ በረዶ ሆኖ ከረጋ አይሠራም። ስለዚህ «በጣም ይቀዝቅዝ» ማለትም ጉዳት አለው።

እሳት እንዴት ያቀዘቅዛል?

በእሳት የሚቀዘቅዝ ዕቃ ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነው። ይህን ዓይነት ማቀዝቀዣ እ.ኤ.አ. በ1922 የፈለሰፉት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው። ሞተር የለውም። በጀርባው ባሉት ቱቦዎች ውስጥ አሞኒያ፣ ውሃና ሃይድሮጅን ታሽገው ይገኛሉ። የጋዙ ነበልባል ወይም የኤሌክትሪኩ ማሞቂያ አሞኒያውን ከውሃው ለይቶ በእንፋሎት መልክ ወደ ላይ ያወጣዋል። እንፋሎቱ ከላይ ባሉት ቱቦዎች ሙቀቱን ለአየር ሰጥቶ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ከዚያም ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ወርዶ እንደገና ሲተን የውስጡን ሙቀት ይወስዳል፤ በመጨረሻም በውሃው ተመጥጦ ወደ መነሻው ይመለሳል። በላብ የራሰ ሰውነት ነፋስ ሲነካው እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ፣ ይህም የሚያቀዘቅዘው በትነት ነው።

ፈሳሹ የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ ማቀዝቀዣው ተዛንፎ ከቆመ በቱቦው ውስጥ ይቋጠራል፤ ቅዝቃዜውም ይቆማል። ስለዚህ ወለሉ በግንበኛ ውሃ ልክ መለካት አለበት። ሙቀቱ የሚወጣውም በጀርባ በኩል ስለሆነ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ፀሐይ አይምታው፤ በላዩ ላይ ዕቃ አይከመር። አሞኒያ ቢሸት እሳቱን አጥፍቶ፣ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣትና ባለሙያ መጥራት ነው። ቱቦውን መብሳት ወይም መበየድ አደገኛ ነው።

ስለ ጋዙና ስለ ኤሌክትሪኩ

ጋዝና ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ አይሠሩም። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል፤ ከዚያ ጋዙ ይለኮሳል። መብራት ሲመለስ ጋዙ ተዘግቶ ሶኬቱ ይሰካል። ሲለኮስ መክፈቻውን ጥቂት ሰኮንዶች ተጭኖ መቆየት ያስፈልጋል፤ ቶሎ ከተለቀቀ መከላከያው ጋዙን ይዘጋዋል። ማቀዝቀዣው እንደ አዲስ ሲነሣ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ቴርሞሜትሩ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መርጋቱ ሳይረጋገጥ ክትባት አይገባበትም።

ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነና ጥላሸት ካበዛ ማቃጠያው ወይም የጭስ መውጫው ቆሽሿል ማለት ነው። ጋዙ ተዘግቶ ሲቀዘቅዝ የጭስ መውጫው በብሩሽ ይጠረግ። ጋዝ የሚረጭባትን ጠባብ ቀዳዳ በሽቦ መጎርጎር ግን ክልክል ነው፤ ቀዳዳዋ ከሰፋች ነበልባሉ ይበላሻል።

ሲሊንደሩ ምንጊዜም ቆሞ ይቀመጥ። የጎማው መጋጠሚያ ማፍሰስ አለማፍሰሱ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው እንጂ በክብሪት አይደለም። ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሽታው ከተሰማ ክብሪት መጫር፣ መብራት ማብራትም ሆነ ማጥፋት አይገባም። ሲሊንደሩን ዘግቶ በሩን መክፈት ይቀድማል። ጋዝ የሚነድበት ክፍልም ምንጊዜም አየር ማግኘት አለበት።

የበረዶው ቅርፊት ሲወፍር በቢላ አይፋቅም። ክትባቱ በረዶ ባለው የክትባት ሳጥን ተዛውሮ፣ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ይቅለጥ። ምግብ፣ ለስላሳ መጠጥና ቢራ በክትባት ማቀዝቀዣ ቦታ የላቸውም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ያመልጣል። ባዶ ቦታው በውሃ በተሞሉ ጠርሙሶች ቢያዝ ግን እሳቱ ቢጠፋ ቅዝቃዜውን ለጥቂት ጊዜ ያቆዩታል።

ይህ ጉዳይ ለከብት አርቢውም የቅርብ ነው። የከብት ደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ ለድሉ ከረዱት ነገሮች አንዱ ሙቀትን የሚችል ክትባት መገኘቱ ነበር። በዚያ ክትባት ማቀዝቀዣ ወዳልደረሰባቸው እንደ አፋር ወዳሉ አካባቢዎች መግባት ተቻለ። ሌሎቹ የከብት ክትባቶች ግን ዛሬም አብዛኛዎቹ ቅዝቃዜ ይሻሉ። ይሁንና በሕፃናት ክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ የከብት መድኃኒት እንዲቀመጥ መጠየቅ አይገባም።

የመሪዎች ድርሻ

የጤና ሠራተኛዋ ክትባቱን ትሰጣለች፤ ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን እንዲሠራ የማድረጉ ኃላፊነት ግን የእርሷ ብቻ ሊሆን አይገባም። ያ ቀበሌ ከደረሰበት ተምሮ በዚያው ሳምንት ሦስት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ማቀዝቀዣውን በስም የሚረከብ አንድ ሰውና ተተኪው ተመረጡ። ሁለተኛ፣ ሁለተኛ ሲሊንደር ተገዛ፤ አንዱ ባለቀ ዕለት ሌላው ይገጠማል፣ ባዶውም ሳይውል ሳያድር ለመሞላት ይላካል። ሦስተኛ፣ የቴርሞሜትሩ ንባብ ጠዋትና ማታ በደብተር እንዲጻፍ ተደረገ፤ እሑድም ሆነ የበዓል ቀን አይቀርም።

በየካቲት ወር ይህ ጸሐፊ ተመልሶ ሲሄድ ደብተሩ በማቀዝቀዣው አጠገብ በሲባጎ ታስሮ ተንጠልጥሏል። እናቶቹም አዲስ ክትባት ከወረዳ ከመጣ በኋላ ተጠርተው ነበር። ሆኖም ከእነርሱ ሁለቱ «ደግሞ ለባዶ እንመላለስ?» ብለው በመቅረታቸው ሊቀ መንበሩ ራሳቸው እስከ ቤታቸው ሄደው ማስረዳት ግድ ሆኖባቸዋል። የጠፋ ቅዝቃዜ በአንድ ቀን ይመለሳል፤ የእናቶች እምነት ግን እንደዚያ ቶሎ አይመለስም።

ዛሬ መብራት ባልደረሰባቸው ብዙ ቦታዎች በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች እየገቡ ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ አቧራ የሚጠርግላቸውና ቴርሞሜትር የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ መሪ ነገ ጠዋት ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ጎራ ብሎ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ትናንት ማታ ቴርሞሜትሩ ስንት አነበበ? ትርፉ ሲሊንደር ሙሉ ነው? መብራት ቢጠፋ ጋዙን የሚለኩሰው ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ የአንድ ሰው ስም ካልሆነ፣ ሥራው ከዚያ ይጀመር።