አልቢኒዝምና የቆዳ ካንሰር፦ የሚወረሰውና የማይወረሰው

አልቢኒዝም ሰውነት ሜላኒን የተባለውን ቀለም በበቂ መጠን መሥራት ሲያቅተው የሚከሰት፣ በዘር የሚወረስ ሁኔታ ነው። ቆዳን፣ ፀጉርንና ዓይንን ያነጣል፤ የማየት ኃይልንም ይቀንሳል። ሕፃኑ አልቢኒዝም የሚኖርበት ጉድለት ያለበትን ዘረመል ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። ወላጆቹ ራሳቸው ምንም ምልክት ላይታይባቸው ይችላል፤ ሁለቱም ዘረመሉን ከተሸከሙ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች የተለመደው ዓይነት በ15ኛው ክሮሞሶም ላይ ከሚገኘው ኦሲኤ2 ከተባለው ዘረመል ጉድለት ይመነጫል።

ሜላኒንን የሚሠሩት በላይኛው የቆዳ ሽፋን ግርጌ ያሉ ሜላኖሳይት የተባሉ ሕዋሳት ናቸው። ቀለሙን በጥቃቅን ከረጢቶች ሞልተው ለአጎራባች ሕዋሳት ያድላሉ። ከረጢቶቹም ፀሐይ በሚመጣበት በኩል፣ ከሕዋሱ ኒውክለስ አናት ላይ ተሰብስበው ዲኤንኤውን እንደ ጃንጥላ ይከልሉታል። አልቢኒዝም ባለበት ሰው ሜላኖሳይቶቹ በቁጥር አይጎድሉም፤ የሚጎድለው ከረጢቶቹ የሚይዙት ቀለም ነው።

ከለላ ያጣውን ዲኤንኤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በቀላሉ ይጎዳዋል። ጨረሩ ጎን ለጎን ያሉ የዲኤንኤ ክፍሎችን እርስ በርስ ያጣብቃል። ሕዋሱ አብዛኛውን ጉዳት ይጠግናል፤ ሳይጠገን ያለፈው ግን ሕዋሱ ሲባዛ ቋሚ ስህተት ሆኖ ይቀራል። ስህተቱ የተጎዳ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚያግደውን ፒ53 የተባለ ዘረመል ሲያበላሽ፣ ሕዋሱ ከቁጥጥር ውጭ ለመራባት መንገዱ ይከፈትለታል።

ለውጡ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በፊት፣ በጆሮ፣ በታችኛው ከንፈር፣ በማጅራትና በእጅ ጀርባ ላይ በሚወጣ ሻካራና ቅርፊታም ምልክት ነው። ይህ ምልክት ሳይታከም ከቆየ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። አልቢኒዝም ባለባቸው አፍሪካውያን ላይ በብዛት የሚታየው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የተባለው ካንሰር ነው፤ ከዘገየ ወደ ንፍፊትና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ይዛመታል። ሜላኖማ የተባለው አደገኛ ካንሰር በእነርሱ ላይ የሚከሰተው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲከሰትም ቀለም አልባ ሊሆን ስለሚችል ለመለየት ያስቸግራል።

እንደ ዋጃና ቆቦ ባሉ የራያ ቆላዎች አደጋው ይበረታል። አካባቢው ከምድር ወገብ ብዙም ስለማይርቅ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ አናት ላይ ትውላለች። ማሽላ የሚያርም፣ ወፍ የሚጠብቅ ወይም ከብት የሚያግድ ሰው ቀኑን ሙሉ ከጨረሩ አያመልጥም። ደመናም ቢሆን ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አያግድም።

ይሁንና የሚወረሰው የቀለም እጥረቱ እንጂ ካንሰሩ አይደለም፤ ስለዚህ ካንሰሩን መከላከል ይቻላል። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከልጅነት ጀምሮ ያስፈልጋሉ። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የደጅ ሥራን መቀነስም ይጠቅማል። ቆዳን በየጊዜው በባለሙያ ማስመርመር ተገቢ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ የማይድን ቁስል ወይም የሚያድግ እብጠት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መታየት ይገባል። በወሎ ደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ በአዲስ አበባ ደግሞ አለርት የቆዳ ሕክምና ይሰጣሉ። ገና ትንሽ ሳለ የተገኘ ዕጢ በአብዛኛው በቀላል ቀዶ ሕክምና ተወግዶ ይድናል።