«ኩላሊቴን ብርድ መታኝ»

በምሥራቅ ጎጃም ወገቡን የያዘው ሰው «ኩላሊቴን ብርድ መታኝ» ይላል። የጮቄ ተራራ ብርድ ስላለ ማንም አይጠራጠርም። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ጤፍ ሲያጭድ የዋለውም እንደዚያው ብሎ፣ ደብረ ማርቆስ ሲወጣ ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ይገዛል፤ ሻል ሲለው ይደግማል። እንዲህ ያለው ሕመም በአብዛኛው የጡንቻና የአከርካሪ ነው። ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ሲኖር ኩላሊት በእርግጥ ያማል፤ ስኳርና ደም ግፊት የሚያመጡት የኩላሊት በሽታ ግን ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ይጎዳል። ዳይክሎፌናክ ሲዘወተር ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ጤነኛው ኩላሊት ባልታመመበት ሕመም ሲጎዳ ማየት ያንገበግባል።

ኩላሊት መታመሙ የሚታወቀው በሽንትና በደም ነው። የሽንቱ መመርመሪያ ባለቀለም ትንንሽ ካሬዎች የተለጠፉበት ቀጭን ዘንግ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ሽንቱ ውስጥ ነክራ ወዲያው ታወጣዋለች፤ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃ ማሸጊያው ላይ ከታተሙት ቀለሞች ጋር ታስተያየዋለች። የፕሮቲኑ ካሬ ቢጫ እንደሆነ ከቀረ ደህና ነው፤ ወደ አረንጓዴ ከዞረ የኩላሊት ማጣሪያ ፕሮቲን እያሳለፈ ሊሆን ይችላል። ትኩሳትና ከባድ ሥራም ለጊዜው ይህን ስለሚያመጡ ምርመራው ይደገማል።

በደም የሚለካው ክሬቲኒን ነው፤ ከጡንቻ የሚወጣና ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ግማሽ ያህሉ የኩላሊት አቅም እስኪጠፋ ድረስ ውጤቱ «ኖርማል» ሊባል ይችላል። ክሬቲኒኑ 1.1 የሆነ የ25 ዓመት ጎረምሳ የማጣሪያ አቅሙ 95 ገደማ ነው፤ በዚያው 1.1 የ70 ዓመት እናት አቅም 54 ገደማ ይሆናል። አቅሙ ለ3 ወርና ከዚያ በላይ ከ60 በታች ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ይባላል። ስለዚህ ክሬቲኒኑን ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ፤ ሐኪሙ አቅሙን እንዲያሰላላችሁ ጠይቁ።

ልጅ ጉሮሮውን ከታመመ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ ወይም ቆዳው ከቆሰለ ከ3 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ጠዋት ዓይኑ ሥር አብጦ፣ ሽንቱም እንደ ጠላ ጠቁሮ ከታየ ግን ኩላሊቱ ተቆጥቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቅ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይየው።

ኩላሊት ጨርሶ ከደከመ ንቅለ ተከላ ወይም ዲያሊሲስ ያስፈልጋል። ንቅለ ተከላ በአገራችን በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ኩላሊት ሰጪ ይፈልጋል። ዲያሊሲስ ደግሞ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ደም የሚያጣራ ማሽን ላይ መዋል ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ያለበት አዲስ አበባ ከደብረ ማርቆስ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ ላለመድረስ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ምንም ባያመውም ሽንቱንም ክሬቲኒኑንም በየዓመቱ ይታይ።